ፍሬን በሌለበት

ከደሴ ስንወጣ ሸዋበር ጉም ነበር፣
ዛፉም ቤቱም ጠፍቶ ጥሩንባ ሲናገር።
ኋላው ሞልቶ ነበርና ጋቢና ደረሰኝ፣
ረዳቱ በሩን ሁለቴ ዘግቶ «ሂድ» አለ፤ ወሰደኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ ፖስታ፣ ፖስታው ውስጥ ወረቀት፣
ወረቀቱ ላይ የልጄ ስም፣ ዕድሜ ሰባት።
በሪሁን ይላል፤ ከሥሩ የማላነበው ጽሑፍ፣
እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ከመስመር መስመር የሚያልፍ።
ሐኪሟ «ሰኞ ነይ» አለች፣ «ናሙናው አዲስ አበባ ሄዷል፣
ያኔ ይታወቃል» አለች። ሰኞ ስንት ቀን ይቀረዋል?
አራት። እኔ ግን አርባ አድርጌ ቆጠርሁት፣
ሌሊቱን በሰዓት፣ ሰዓቱን በደቂቃ ሸነሸንሁት፣
ያልሞተ ልጄን ስንት ሌሊት ቀበርሁት።

ስጸልይም እንዲያው ነኝ። «አንተ ታውቃለህ» እልና፣
እንዳላወቀ ሰው አስረዳዋለሁ እንደገና።
«መድኃኒቱ ይህ ቢሆን፣ ሐኪሙ ያ ቢሆን» እያልሁ፣
ለእግዜር የሥራ ዝርዝር እጽፋለሁ።
አደራ ሰጥቼ፣
አደራውን በሻሼ ጫፍ ቋጥሬ ይዣለሁ።

ሐረጎን መውረድ ጀመርን።
እጥፋቱ ሲመጣ፣ ገደሉ ከጎኔ ሲከፈት፣
እግሬ ወለሉን ይረግጣል፣ ፍሬን በሌለበት።
ደግሞ እጥፋት፣ ደግሞ እርግጫ።
አንድ ሲኖትራክ ከጉሙ ብቅ አለ፣ ቤት የሚያህል፣
እኔ በቀኝ እግሬ ወለሉን ልበሳው ስል፣
ሹፌሩ ሳቀ። ሙሄ ይሉታል፤ ጢሙ ሂና የጠጣ፣
ዓይኑ ከመንገዱ የማይወጣ።
«እህቴ፣ የኔ መኪና ባንቺ በኩል ፍሬን የለው፤
ምን ትረግጫለሽ? ምንጣፉን እኮ ጨረስሽው።»

አፈርሁ። «ልጄ ታሟል» አልሁ፣ ሳላስበው።
ዝም አለ። ማርሽ ቀነሰ፣ አንድ እጥፋት ዞረ፣
«ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ወረድሁ» ብሎ ጀመረ።
«ሁለቴ ፍሬን እምቢ ብሎኛል፣ ሁለቴ፤
ከዚያ ወዲህ ስረግጥ እንኳ አልመካም በጉልበቴ።
መርገጥ የኔ ነው፣ እረግጣለሁ፤
መያዝ የሱ ነው። ቢስሚላ ብዬ እወርዳለሁ።
አብሽሪ።»

አብሽሪ። ይህን ቃል ከጎረቤቶቼ ስንቴ ሰማሁት፣
በልቅሶ፣ በምጥ፣ ዝናብ በቀረ ዓመት፤ እንደ ሰላምታ አለፍሁት።
ያን ዕለት ግን፣ ጉሙ መሐል፣ እንደ ሰው እጅ ጨበጥሁት።

ተአምር አልሆነም። ፖስታው አልቀለለም፣
ጉሙ አልተገለጠም፣ ሰኞም ከቦታው አልጎደለም።
ሹፌሩ እግዜርን ይመስላል አልልም፤ ላቡን ሲጠርግ አየሁት፣
ፍሬኑ ተቃጥሎ ሲሸትም አሸተትሁት።
ብቻ አንዲት ነገር አደረግሁ፣ ትንሽ፣ ማንም ያላያት፤
እግሬን ከወለሉ አነሳሁ።
ገብርኤል ደጃፍ እንደማደርገው ጫማዬን አወለቅሁ፣
የሻሼን ቋጠሮ ፈታሁ፤ ምንም አልነበረበትም፤
«ያንተ ነው» አልሁ። ዝርዝር አልጨመርሁበትም።

ቀጣዩ እጥፋት ሲመጣ እግሬ ደግሞ ረገጠ፣
ደግሞ አነሳሁት። ደግሞ ረገጠ።
እንደ አዲስ፣ በየእጥፋቱ፣ «ያንተ ነው»፣ «ያንተ ነው»፤
ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ መቁጠሩ ነው የጠፋው።

«ወራጅ!» ሲል ነቃሁ። ለካ ተኝቼ ነበር፣
ሳምንት ሙሉ ያልተኛሁት፣ እዚያ ገደል ዳር።
ኮምቦልቻ ሞቃለች፤ ቦርከና ከድልድዩ ሥር ያጉረመርማል።
ጫማዬን በእጄ ፈለግሁ፤ ከወንበር ሥር ተንሸራቷል።
ሙሄ ጎንበስ ብሎ አቀበለኝ፣ «አላህ ያሽርልሽ።»
«አሜን፣ አሜን።»

ሐሙስ ነበር። ሰኞ በሰኞ ይመጣል።
ለበሪሁን ሁለት ብርቱካን ገዛሁ፤
ሻጯን «ጣፋጩን ምረጪልኝ» አልሁ፣
ዋጋ ተከራከርሁ።